አራተኛ የወጣሁ ዕለት

አባቴ የሞተ ዕለት እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ እሮጥ ነበር። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር ነው። ሞባይል ገና ወደ እኛ ገጠር አልዘለቀም። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ያን ቀን ሙሉ አባቴ ያለ መስሎኝ ነው የዋልኩት።

ሯጭ ነበርኩ። ሯጭ ስላችሁ በቴሌቪዥን እንደምታዩአቸው እንዳይመስላችሁ። ክለብ የለኝ፣ አሰልጣኝ የለኝ። የከተማ በዓል ይሁን የዞን ውድድር፣ ሩጫ አለ ከተባለ አለሁ። ዛሬ ደንበጫ፣ ሳምንት ዱርቤቴ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ከሌሎች ሯጮች ጋር አንድ አልጋ ተጋርቼ አድራለሁ፤ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፤ በማግስቱ ስድስተኛ ወይም ዘጠነኛ እወጣለሁ። ለስድስተኛ ሽልማት የለም። አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ ሁለተኛ ወጥቼ ፔርሙስ ተሸልሜያለሁ፤ የሩጫ ዘመኔ ትልቁ ክብር እሱ ነው።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነበር። የሀገሩ ሰው "ያ ልጅህ ማን አባረረኝ ብሎ ነው እንዲህ የሚሮጥ?" እያለ ሲያሾፍበት ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ስመለስ ሁልጊዜ "ዛሬስ ስንተኛ ወጣህ?" ይለኛል። "ሰባተኛ" ካልኩት፣ "ስንት ሁናችሁ ነበር? ሰባት?" ይለኛል። በነጋታው ግን እኔ ልምምድ እንድወጣ ብሎ ከብቶቹን ራሱ ይነዳቸዋል። ከእሱ በቀር ሩጫዬን እንደ ሥራ የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም።

ያን ሰሞን ሆዱን ያመው ነበር። ልቅር ብዬው ነበር። "ሂድ፣ አንተ ብትቀር ሆዴ አይሽርልኝ" ብሎ ሸኘኝ።

የፍኖተ ሰላሙ ሩጫ እንደሌሎቹ አልነበረም። አንድ ክለብ አሰልጣኙን ልኮ ነበር፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት በደመወዝ ይቀጠራሉ ተባለ። ዕድሜዬ እየገፋ ነው። ይህ ካለፈኝ ሌላ እንደማላገኝ አውቄዋለሁ።

ጠዋት ሰውነቴን ሳሟሙቅ ሜዳው ዳር አያ ሙጬን አየኋቸው። አያ ሙጬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ ደቦ የሚጠራሩ፣ የልብ ወዳጅ። ጋቢያቸውን ደርበው ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደስ ብሎኝ ሄድኩና ሰላም አልኳቸው።

"አያ ሙጬ፣ ምን እግር ጣለዎት?"

"ገበያ መጥቸ ነው። እግረ መንገዴን ልይህ ብየ።"

አያ ሙጬ ከቡሬ ገበያ አልፈው አያውቁም። ደግሞ ኅዳር ነው፤ ጤፉ እየታጨደ ማን ገበሬ ገበያ ይዞራል? ይህ ሁሉ ያኔ አልታየኝም። ልቤ ሩጫው ላይ ነበር።

"ቤት ደህና ናቸው?" አልኳቸው።

"ተመስገን። ይኸ ሩጫችሁ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።"

ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ትንሽ አሰቡና "በል እንግዲያ ሩጥ" አሉኝ።

በኋላ እንደሰማሁት አባቴ ሊነጋጋ ሲል ነበር ያረፈው። አያ ሙጬ የተላኩት ለቀብሩ እንዲያደርሱኝ ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። ለብቻው ሜዳ ላይ የነገረ ሰው ነውረኛ ይባላል።

ወደ ደንበጫ በሚወስደው አስፋልት ወጥተን ተመለስን። ከተማው መግቢያ ስንደርስ ሦስተኛ ነበርኩ። ሰዉ ሲጮህ ይሰማኛል። ሜዳው በር ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ከኋላዬ መጥቶ አለፈኝ። ልከተለው አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። አራተኛ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም፤ ዓይኔ እስኪያብጥ ነው ያለቀስኩት። አያ ሙጬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

"በቃህ ልጀ። እንባህን አትጨርስ" አሉኝ። ማጽናኛ መስሎኝ ሰማሁት።

ከዚያ "ተነሥ፣ ወደ ቤት እንሂድ" አሉ። እኔ ግን መሄድ አልፈለግኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ሩጫ አለ፤ ከዚሁ ወደዚያው ልሻገር አስቤያለሁ።

"ምን ይዤ ነው አባቴ ፊት የምቀርበው?" አልኳቸው።

ለመኑኝ። በሚካኤል ይዠሃለሁ አሉኝ። እሳቸው አንድ ባሉኝ ቁጥር እኔ ሁለት እመልሳለሁ። ያን ሽማግሌ እስከ እኩለ ቀን አስለመንኳቸው። ሌሎቹ ሯጮች ሁሉ ሄደው ሜዳው ላይ ሁለታችን ቀረን። እሳቸው ፀሐይዋን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ።

በመጨረሻ "አባትህ ይፈልግሃል፤ ይዘኸው ና ያለኝ እሱ ነው" አሉኝ።

ትንሽ አሞታል ቢሉኝ ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ትንሽ አሞታል ማለት አልቆለታል ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ይፈልግሃል ሲሉኝ ግን አባቴ ከነሣቁ መጣብኝ። ተነሣሁ።

የቡሬው ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም አለ። አያ ሙጬ መቀመጥ አልቻሉም። ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ፣ ረዳቱን "አንተ ልጅ፣ ስለ ማርያም" ይሉታል። ምን አስቸኮላቸው ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። ማንኩሳ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ደግሞ ያ ሁሉ ጥድፊያቸው ቀረና ሾፌሩን ለምነው ምግብ ቤት አስገቡኝ። ሽሮ አዘዙልኝ።

"እርስዎስ?"

"እኔ በልቻለሁ። አንተ ብላ፣ ሩጠህ ነው የዋልኸው።"

ርቦኝ ስለነበር ጥርግ አድርጌ በላሁ። እሳቸው እያንዳንዱን ጉርሻ እስክውጥ ዝም ብለው ያዩኛል። ያ ሽሮ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ከቡሬ ወርደን በእግር ያዝነው። መንገዱን ሙሉ ለአባቴ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር።

"አያ ሙጬ፣ አራተኛ ወጣሁ ስለው ምን የሚለኝ ይመስልዎታል?"

ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ጤፉ ማሳ አዞሩ። ከዚያ ልክ በአባቴ አነጋገር "'ስንት ሁናችሁ ነበር? አራት?' ይልሃል" አሉ። ሣቅኩ። እሳቸውም ሊሥቁ ሞከሩ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ሳልጠይቃቸው ጨመሩልኝ፤ "ከዚያ ደግሞ 'ደክሞሃል ልጀ፣ ግባና አረፍ በል' ይልሃል።"

ዳገቱን ስንጨርስ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ብዙ ሰው አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

"የማን ለቅሶ ነው?" አልኩ።

አያ ሙጬ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ወዲያው እናቴን አየኋት፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘዋታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውኝ፣ ካህናቱ መሸ ሲሉ ቀብረውት መመለሳቸው ነበር። ገና ያኔውኑ ነው የተመለሱት። ትንሽ ብንቀድም እንደርስ ነበር።

ሰዉ ከበበኝ። አጎቴ ያበጠውን ዓይኔን አየና አያ ሙጬ ላይ ጮኸ። "መንገድ ላይ ነገርኸው! እንዲህ ዓይኑ እስኪጠፋ! ትልቅ ሰው አይደለህም ወይ?" ሌላውም ተቀበለው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወቀሷቸው።

"እኔስ አልነገርሁትም፣ በሩጫ ተበልጦ ነው ያለቀሰው" ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት እያዩ ወቀሳውን ተቀበሉ። እኔም ለሰዉ እውነቱን የነገርኩት ከሰልስት በኋላ ነው።

ከአርባው በኋላ እቤታቸው ሄጄ "ለምን ከሩጫው በፊት አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ተናድጄ ነበር የሄድኩት።

"ብነግርህ ሩጫውም ይቀርብህ፤ አባትህም አይነሣልህ። ግማሽ ሰዓት ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"ከሩጫው በኋላስ?"

"እንዲያ ስታለቅስ አየሁህ። በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ ላሸክምህ አልቻልሁም" አሉኝ።

ይህን ካሉኝ በኋላ ቁጣዬ በረደ፤ ሐዘኔ ግን ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ለውድድር ቆሜ አላውቅም። አያ ሙጬም ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ሰው ሲጠይቀኝም ደግ ሰው ነበሩ፣ አልፈርድባቸውም ብዬ ነው የምመልሰው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ብቻዬን ስሆን መልሼ መላልሼ የማስበው እሱን ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ ያ ሚኒባስ እስኪሞላ አልጠብቅም ነበር። በእግሬ ሮጬ እደርስ ነበር።