ባትሪው ከሞላስ?

ጋሽ ዘመነ ከቢቸናና ከሞጣ ጤፍ እየጫኑ የዓባይን በረሃ ሠላሳ አንድ ዓመት ወርደው ወጥተዋል። መኪና አልገለበጡም፤ ሰው አልገጩም። ስትሮክ የመታቸው መንዳት ካቆሙ በኋላ፣ አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ ነው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዷቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ሐኪሙ፣ "ይመለሳል፤ ብቻ ዝም አታሰኟቸው፣ አዋሯቸው" ብሎ ነበር። እውነትም በሁለተኛው ሳምንት ቃል መምጣት ጀመረ፤ ግን ተሰባብሮ ነው የመጣው። አንድ ቀን ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ፊት "ውሃ" ለማለት ሲታገሉ ሰውየው አሳዝነውት ዓይኑን ወደ ደጅ መለሰ። ጋሽ ዘመነ አዩት። ከዚያን ቀን ወዲህ በራስ መነቅነቅ ካልሆነ በቀር መልስ የማይሰጡ ሆኑ። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ።

ልጃቸው ባንቺዓለም ቢቸና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ ናት። በዚያው ዓመት በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን የሃይብሪድ መኪና ትምህርት እንድትሰጥ ተመደበች። ችግሩ፣ ቢቸና ውስጥ ፈትታ የምታሳየው ሃይብሪድ መኪና አለመኖሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሆዱ ተከፍቶ የውስጥ ዕቃው አንድ በአንድ የሚታይ የመኪና ሥዕል አገኘች። መኪናው ግን በዓለም ላይ አራት መቶ ብቻ የተሠራ፣ ዝቅ ብሎ መሬት የሚልስ፣ ሀብታሞች ተራ ጠብቀው የሚገዙት ዓይነት ነበር። ለብቻዋ ሳቀች። ሥዕሉ ግን ከሌላው ሁሉ ግልጽ ስለነበር ማብራሪያውን ጨምራ አሳተመችው።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው በርጩማ ሳበች። የምታወራቸው ወሬ አልቆባት ነበር።

"አባባ፣ ሰኞ የማስተምረውን ልለማመድ፤ እርስዎ ተማሪ ይሁኑልኝ" አለቻቸውና ጀመረች። "ይሄ መኪና ሁለት ዓይነት ሞተር አለው። ስምንት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጧል። የፊት ጎማዎቹን ደግሞ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያዞሯቸዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ቱርቦ እስኪነሳ ትንሽ መዘግየት አለ አይደል? ያቺን መዘግየት ኤሌክትሪኩ ይሞላታል፤ እሱ መጠበቅ አያውቅም። ስለዚህ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም።"

የአባቷ ዓይን ከደጁ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው የፊት ጎማውን በጣታቸው ነኩ።

"ፍ... ፍሬ... ፍሬኑስ?"

ባንቺዓለም ደነገጠች። ብትጮህ የሚሰበር ነገር ያለ መሰላት፤ ድምፅዋን እንደ ነበረ ለማቆየት እየታገለች መለሰች። "ፍሬን ሲይዝ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዲናሞ ይሆናሉ፣ አባባ። በፍሬን ሸራ ላይ ተቃጥሎ የሚቀረው ጉልበት ባትሪ ውስጥ ይገባል።"

ጋሽ ዘመነ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ ከጎማው ወደ ባትሪው ጎተቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

"ደ... ደጀን። ቁል... ቁልቁለቱ። ባ... ባትሪው... ከሞላስ?"

ባንቺዓለም ጥያቄውን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈችው።

እናቷ ወይዘሮ አስናቀች የሚለቅሙትን ምስር እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ዕንባቸው መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋቸው። "ሦስት ወር ሙሉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳወራህ ከርሜ፣ በመኪና አፍህን ፈታህ?" አሏቸው።

ጋሽ ዘመነ ጎምበስ ብለው ሳቁ። ሲስቁ ከታዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

በማግስቱ ባንቺዓለም ወረቀቱንና ሒሳብ ማሽኗን ይዛ ተመለሰች። የመኪናውን ክብደትና ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን የከፍታ ልዩነት አባዝታ አየች። ባትሪው መኪናውን እንዳያከብደው ተብሎ በጣም ትንሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። "እውነትዎን ነው፣ አባባ። ግማሽ ባትሪ ይዞ ከደጀን ቢነሳ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ መያዙን ያቆምና ሥራው በሙሉ ለተራው ፍሬን ይቀራል። ለዚህ ነው የፍሬኑን ዲስክ ሙቀት ከሚችል ከሴራሚክ የሠሩት።"

"እ... እና... በማርሽ" አሉ።

"አዎ፣ ማርሽ ተቀንሶ በሞተሩም ይያዛል።"

ሁለት ሳምንት ቆይታ ኮሌጅ፣ የምታስተምርበት ክፍል ይዛቸው ሄደች። እሳቸው እምቢ ብለው ነበር፤ እናቷ ናቸው ሸሚዛቸውን ተኩሰው የገፏቸው። ሃያ ሁለት ሠልጣኞች ተቀምጠዋል። ባንቺዓለም ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ለጥፋ፣ "ዓባይን ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱ ሰው ስለ ፍሬን ይነግሯችኋል" አለችና ዳር ያዘች።

ጋሽ ዘመነ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልመጣም። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ባንቺዓለም ሊሉ የፈለጉት ገብቷት ነበር፤ "ሸራ" ነው፤ ምላሷ ላይ ደረሰ። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምታደርገው እንደዚያ ነበር፤ እሳቸው ሲታገሉ እሷ ትጨርስላቸዋለች። ዛሬ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ከፊት የተቀመጠችው አስቻለች የምትባል ሠልጣኝ እስክሪብቶዋን አንስታ ደብተሯን ገልጣ ጠበቀች። የትም አላየችም፤ እሳቸውን ብቻ ታያለች። ሌሎቹም ጠበቁ።

"ሸ... ሸራው... ሲነድ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይ... ይሸታል። ከሸተተህ... ረ... ረፍዷል። ሳይሸት... ማርሽ... ቀንስ።"

አስቻለች ጻፈችው። ከዚያ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ ይሄ መኪና ይሸታል?"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። ባንቺዓለም፣ "እኔም አላውቅም" አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ጋሽ ዘመነም አብረው ሳቁ። ለአንድ ሰዓት የታሰበው ትምህርት ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ያን ሰሞን አንድ ማታ ባንቺዓለም እናቷን፣ "እማዬ፣ ቃሉን አንጨርስላቸው፤ እንጠብቃቸው" አለቻቸው። ወይዘሮ አስናቀች መጠበቁ አስቸገራቸው፤ ቢሆንም እጃቸውን አፋቸው ላይ እየጫኑ ለመዱት።

በግንቦት ሞጣ ያሉ አሠልጣኞች ያንኑ ትምህርት ለአንድ ቀን መጥታ እንድትሰጥላቸው ጠሯት። አባቷ ሳትጠይቃቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። በዚያ ቀን ከእሷ ይልቅ እሳቸው ብዙ ተጠየቁ። ቃሉ ዛሬም ይሰበራል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይመጣም፤ ሲያቅታቸው በግራ እጃቸው ሰሌዳው ላይ ይሥላሉ።

ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ሞጣን ገና ሳይለቅ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ክንዷ ደንዝዟል። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው፤ በዚያው እጇ ብሩን አቀበለችው።