ሃክኒ የሰነበተችው ዶሮዬ

ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ግን የሚቆጣጠረኝ ስለሌለ እሷ እላታለሁ። የባሌ ታላቅ እህት ናት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ የአራት ዓመት ልጄን ይዤ ለንደን ስገባ ያረፍኩት ሃክኒ እሷ ቤት ነበር። ለምን ከአገሬ እንደወጣሁ ሰው ይጠይቀኛል፤ እሱ የራሴ ጉዳይ ነው።

እኔ ሳይነጋ ወጥቼ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሽንት ቤት ሳጸዳ ልጄን ቁርስ አብልታ ትምህርት ቤት የምታደርሳት እሷ ነበረች። አልክድም። ነገር ግን ልጄ እሷን እማዬ፣ እኔን ማም ማለት ስትለምድ አንድ ቀን እንኳን አላረመቻትም። ስቶክዌል የመንግሥት ቤት ደርሶኝ ልጄን ልወስድ ስሄድ፣ «የትምህርት ተርሙን ትጨርስ» አለችኝ። ተርሙ አለቀ፣ ሌላ ተርም መጣ። ልጄ ወደ ቤቴ የመጣችው ቁመቷ እኔን ካለፈ በኋላ ነው። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «ያሳደግኩላት እኔ ነኝ» ማለቷን እስከዛሬ አላቆመችም።

ጉልበቴ ከሥራ ሲያስቀረኝ ጓሮዬ ውስጥ ሦስት ዶሮ ማርባት ጀመርኩ። መድኃኒት የሚባል ነገር አልሰጣቸውም። ውሃቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ እጨምራለሁ። ቅማል እንዳይፈላባቸው አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅዬ የሚንከባለሉበት ቦታ ሠርቼላቸዋለሁ። ከአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አረም ራሳቸው ይጨርሱታል። አውራ ዶሮ ግን አላስገባሁም፤ ሲጮህ ጎረቤት ይከሰኛል።

አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ቀለል እንዳለ፣ ቀይዋ ዶሮዬ እንቁላል መጣል አቆመችና ባዶ ገለባ ታቀፈች። ቀን ሙሉ አትነሳም፣ እህል አትቀምስም። ስነካት ላባዋን ነፍታ በምንቃሯ ትወጋኛለች። አጥንቷ እስኪቆጠር ከሳች። እንዲሁ እንደታቀፈች የምትሞትብኝ መሰለኝ። ከሦስቱ አብልጬ የምወዳት ደግሞ እሷን ነው።

አገር ቤት ለዚህ መላ ነበረው። አንዳንዱ እግሯን አስሮ ቁልቁል ይሰቅላታል፤ ያን አልወድም። እናቴ ጎረቤት ቤት ወስዳ ታሰነብታት ነበር። ቦታው ሲለወጥባት ዶሮዋ መታቀፉን ትረሳለች። እኔ ታዲያ የማንን በር ላንኳኳ? የቀኝ ጎረቤቴን ስም እንኳን አላውቅም፤ «ዶሮዬ እስክትረሳ ቤትዎ ትሰንብት» በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ ይነገራል? ከማውቃቸው ሰዎች ጓሮና ዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ያላት የባሌ እህት ብቻ ናት።

ዶሮዬን በድመት መያዣ ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እየታቀፈች አስቸገረችኝ። ትንሽ ቀን እርስዎ ጋ ትሰንብት።»

«ሙሽራዬ፣ ዛሬስ ባዶ እጅሽን አልመጣሽም!» ብላ ሳቀች። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳን ሙሽራ ትለኛለች።

በሳምንቱ ስመለስ ዶሮዬ ሼዱ ውስጥ ያው እንደታቀፈች ናት። እጄን ከሥሯ ብሰድ የሞቀ እንቁላል ነካሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነዋ! አውራ ካለበት እርሻ ኦርደር አደረግሁት። ይፈለፈላል።»

«እኔ እኮ እንድትረሳ ነው ያመጣኋት!»

«ምኑን?»

«መታቀፉን!»

«የታቀፈች ዶሮ ይዘሽልኝ መጥተሽ እንዳትታቀፍ? እኔ የርቢ መስሎኝ!»

አባቷ ላምና በግ ለገበሬ በርቢ ይሰጡ ነበር፤ ገበሬው ይቀልባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። እሷ አዲስ አበባ አድጋ በወጣትነቷ የተሰደደች ሰው፣ ዶሮ ቦታ ስትቀይር እንደምትረሳ ከየት ታውቃለች? ወይስ እያወቀች ነው? እስካሁን አልለየልኝም።

«ልውሰዳት» አልኩ።

«ውሰጃት። እንቁላሎቹ ይሞታሉ እንጂ።» የሼዱን በር ገርበብ አደረገችና፣ «ይፈልፈሉና ትወስጃታለሽ» አለች።

ይህን ነገር በልጄ ጊዜም ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ እሺ ብዬ ሄጄ ነበር። አሁን ግን ካፖርቴን አወለቅሁ።

«እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ። ሳይፈለፈሉ አልሄድም።»

«የት ልትተኚ? ሶፋውን ጥዬዋለሁ።»

«መሬቱም ይበቃኛል።»

«በዚህ ጉልበትሽ? ማን ሊያነሳሽ ነው?»

ለልጄ ደውዬ የቀሩትን ዶሮዎች ውሃ እንድትሰጥልኝ ለመንኳት።

«ማም፣ የት ነሽ?»

«እማዬ ቤት» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

በዚያ ቤት ሁለተኛ ላላድር ምዬ ነበር። አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኛን። ጠዋት ጠዋት እኔ ዶሮዋን ሳበላ እሷ ሼዱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እኔ ዞር ስል ደግሞ ገብታ ታዋራታለች። ዶሮዋ እኔን ስትወጋ እሷን አትወጋም። ይሄም አልገባኝም።

ጫጩቶቹ ወጥተው ላባቸው ሲደርቅ ዶሮዬን ከነልጆቿ ካርቶን ውስጥ አስገባሁ። አልከለከለችኝም። እንዲያውም ካርቶኑን ተሸክማ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሸኘችኝ።

«ሲያድጉ ግማሹ የኔ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ካርቶኑን አቀበለችኝና፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ያኔም እንዲህ ቁጭ ብትዪ ኖሮ ማን ይከለክልሽ ነበር?» አለችኝ።

ስድብ ይሁን ይቅርታ፣ እስከ ስቶክዌል ድረስ ሳስበው ሄድኩ። ጫጩቶቹ ካርቶኑ ውስጥ ሲጮሁ ተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ ያየኛል። የማን ናቸው ቢሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም ነበር።