የዳማ ጭራ

ባለፈው ማክሰኞ ሁሩታ ላይ አንዲት ተማሪዬ የማሲንቆዋ ጭራ ተበጥሶባት ከሱቅ የገዛችውን የናይለን ክር ይዛ መጣች። ተቀብዬ ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ምንም አይሸትም። የፈረስ ላብ የለ፣ የገብስ ገለባ የለ። ከአሰላ ሁሩታ፣ ከሁሩታ ሮቤ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ማሲንቆ ማስተማር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግ ላይ መጫወት እንጀራዬ ከሆነ ስንት ዘመኔ ነው፤ ሽታ የሌለው ጭራ ግን ዛሬም አልለመድኩም።

እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴም እንደኔው ተመላላሽ ነበሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማሲንቆአቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ከኦጎልቾ አሰላ፣ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ የቆላውን አቧራ ሳያራግፉ የጭላሎ ብርድ ይቀበላቸውና ግማሹን ትምህርት እጃቸውን እያሻሹ ያስተምሩናል። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ጭራውን ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያመጣል፣ ያውም ከወንድ ፈረስ። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል ይሉ ነበር፤ ይህንን እናቴ ፊት ሲያብራሩ እሷ በሀፍረት ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

እኛ ቤት ፈረስ አልነበረም። አጥር የሚያዋስኑን ባለጋሪው ኦቦ ሁሴን ግን ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፤ ከራሳቸው ምሳ በፊት የእሱን ገብስ የሚያዩለት፣ ጭራው መሬት ሊጠርግ ትንሽ የቀረው ፈረስ። የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ረቡዕ ኦቦ ሁሴን መስጊድ በሄዱበት፣ የእናቴን መቀስ ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክኩ። ስንት ዘለላ እንደሚበቃ ስላልተነገረኝ እንዳይጎድል ብዬ ሙልጭ አድርጌ ቆረጥኩት። ዳማ ጨዋ ነበር፤ አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ገለባውን ማኘክ ቀጠለ። ያለቀ መጥረጊያ የመሰለውን ጭራ ሳይ ነው እሁድ የኦቦ ሁሴን ልጅ እንደሚያገባና ሙሽራውን የሚሸከመው ዳማ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እናቴ ደግሞ ማሲንቆውን ስትገዛልኝ፣ "አንድ ሰው በዚህ ነገር ከከሰሰሽ ምድጃ ውስጥ ነው የምከተው" ብላኝ ነበር፤ እሷ ያለችውን ታደርጋለች።

በማግስቱ ትምህርት ላይ ሳለን ኦቦ ሁሴን ገቡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬውኑ አነደዋለሁ" አለች እናቴ ነገሩን ስትሰማ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልኩን አልነገርኳትም" አሉ ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነስተው።

ኦቦ ሁሴን ዱካ ስበው ተቀመጡ። "እስቲ ትጫወት። ጭራዬ ምን እንደሆነ ልስማ።"

ተጫወትኩ፤ የወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳማ ራሱ ከዚህ የተሻለ ያሰማል" አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ፈረዱብኝ፦ "እሁድ ዳማ አጠገብ ትቆሚያለሽ። ጭራው የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ በማሲንቆሽ። ማቃጠል ደግሞ የለም።"

ጋሽ ደምሴ በዚያ ሳምንት ኦጎልቾ ሳይመለሱ ቀሩ፤ አንዲቱን ዜማ ጠዋት ማታ ሲያስደጋግሙኝ ሦስት ቀን ከረሙ። እሁድ ደግሞ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። አጃቢው ጠየቀ፣ የሙሽሪት አጎቶች ጠየቁ፣ ሁለት ጊዜ የጠየቁም ነበሩ፤ ጣቴ እስኪላጥ መለስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የተጫወትኩት ያኔ ነው፤ ዳማ በቆራጣ ጭራው ዝንብ መከላከል አቅቶት ትከሻዬን እየገፋ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ሁሴን በየዓመቱ ልኩን ጭራ ራሳቸው ቆርጠው፣ በክር አስረው ያመጡልኝ ነበር። ዳማ የሞተ ዕለት ሙሉውን ጭራ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡትና ወጡ። እስካሁን በቁጠባ የተጠቀምኩት ያንን ነው። ጋሽ ደምሴ አለፉ፣ ኦቦ ሁሴንም አለፉ፤ ያ ሙሽራ ዛሬ አዳማ ሄዶ ባጃጅ ይነዳል።

ማክሰኞ ዕለት ናይለኑን መለስኩላትና ከቦርሳዬ የመጨረሻዋን እስር አውጥቼ ማሲንቆዋ ላይ አሰርኩላት። አሸተተችው። "ቲቸር፣ ይሸታል" አለችኝ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ።

"አዎ" አልኳት።

አሰላ ስደርስ በድሮው ሰፈራችን በኩል አለፍኩ። አጥሩ ፈርሷል፣ የዳማ በረት የነበረበት የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ዛሬ የፈለግኩትን ያህል ጭራ ብቆርጥ በዚያ ሰፈር ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚከሰኝ ሰው የለም፤ ክሱን የምትሰማ እናትም የለችኝም።