ያልፈረምሁት ወረቀት

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብወጣ ሆዴ አይችልም፤ ትንሽ ታገሡኝ። ጮክ ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን የጸሎት ስብሰባችን ተከልክሏል፤ ጎረቤቱ ለልጅ ልደት የተሰበሰብን ነው የሚመስለው። ስለዚህ «አሜን» ስትሉ በለሆሳስ ይሁን። ጌታ እንደሆነ የለሆሳሱንም ይሰማል፤ ስሙ ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ በአሰልጣኝነቴ ነው የምታውቁኝ። በፊት የፋብሪካችን ቡድን አጥቂ ነበርሁ። ቅዳሜ ጎል ካገባሁ እስከ ሰኞ መሬት አልረግጥም። ከፋሲሎ ሰፈር እስከ ዓባይ ማዶ ሰፈር ሰው ስሜን ሲጠራ ደረቴ ይነፋል፤ ጠጅ ቤት ስገባ ተነሥተው ወንበር ይለቁልኛል። እናቴ የቄስ ልጅ ናት፤ «ልጄ፣ ጭብጨባ አያጠግብም» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ጠግቤ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አላሳልፍ አለኝ። ደምሴ ይባላል፤ መምህር ነው፤ ለመምህራን ቡድን ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። «ጴንጤው» ነው የሚሉት። አንድ ቅዳሜ ከመጀመሪያው ፉጨት እስከ መጨረሻው ኳስ ሲነጥቀኝ ዋለ። ተመልካቹ ሳቀብኝ። የዚያን ዕለት ማልሁ፦ «በሚቀጥለው ግጥሚያ ይህ ሰው በእግሩ አይወጣም!»

ግጥሚያው ደረሰ። ኳሷ በመሃላችን ስትነጥር እኔ እሷን አላየሁም። ታኬታዬን አንሥቼ ጉልበቱ ላይ ሄድሁ። እሱ ዘወር አለ፤ እኔ ባዶውን ረግጬ ወደቅሁ፤ እሱም ተደናቅፎ ላዬ ላይ ወደቀ። ቅልጥሜ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ሜዳው «ጴንጤው ሰበረው!» ብሎ ተነሣ። እውነቱን አውቃለሁ፤ ግን ዝም አልሁ።

ሆስፒታል ተኛሁ። አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቶ ስለነበር ቁስሉ መግል ያዘ። ሐኪሙ ሸፋፍኖ መናገር የማይወድ ሰው ነበር። «እስከ ሐሙስ ካልደረቀ ከጉልበትህ በታች እንቆርጠዋለን» አለኝ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ቅዱሳን!

ደምሴ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ይመጣል። የዓሣ ሾርባ በፔርሙስ ይዞ፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሾርባውን ግን እሱ ሲሄድ እጠጣዋለሁ። እንዲህ ያልሁ ሰው ነበርሁ!

እሑድ ግን ደምሴ ሳይመጣ ቀረ። ሰኞ ጧት የቀበሌው ሊቀ መንበር ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጓድ፣ ያ ጴንጤ ታስሯል። የሠራተኛውን ልጅ ሆን ብሎ ሰብሯል፤ ቤቱም ለጸሎት እያለ ሰው ይሰበስባል። ይህን ፈርምልን። አንተን በዚሁ ሳምንት አዲስ አበባ ልከን በትልቅ ሐኪም እናሳክምሃለን፤ እግርህ ይተርፋል» አለኝ። ወረቀቱን ትራሴ ላይ ትቶ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰምታለች።

«እውነት ሆን ብሎ ነው የሰበረህ?» አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ነገሩ ገባት።

«ልጄ፣ እኔ ያን ሰውዬ ሃይማኖቱን አልወድለትም። ግን በሐሰት መስክረህ በሁለት እግርህ ከምትሄድ፣ እውነት ተናግረህ እኔ ባዝልህ ይሻለኛል።»

ወገኖቼ፣ እናቴ እኮ ከትከሻዬ አትደርስም! ሁለታችንም አለቀስን።

ማክሰኞ ሊቀ መንበሩ ሲመጣ ወረቀቱን ከትራሴ አንሥቼ መለስሁለት። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እሱ አልሰበረኝም። ልሰብረው ሄጄ ነው የተሰበርሁት። አልፈርምም» አልሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ሰማ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «እንግዲያው እግርህን ተሰናበተው» ብሎ ወጣ። ክብር ለጌታ ይሁን! ገና ሳላምነው ነው አፌን የከፈተልኝ!

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደምሴ በበሩ ገባ። ፀጉሩን ላጭተውታል፤ አንድ ዓይኑ አብጧል። «ከሳሽ ጠፋ ብለው ለቀቁኝ» አለ።

«ደምሴ፣ ጉልበትህን ልሰብር ነበር የመጣሁት» አልሁት።

«አውቃለሁ። ታኬታህ ሲነሣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሾርባውን ለምን ታመጣልኝ ነበር?»

«እግርህ ተሰብሮ ነዋ!» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ይህ መልስ ነው የጣለኝ፣ ወንድሞቼ። ስብከት አልሰበከኝም። «የምታመልከው ጌታ እንደ እኔ ያለውን ይቀበላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔን ተቀብሎኝ የለ!» አለ። እጁን ፋሻው ላይ ጭኖ ጸለየ፤ እኔም ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ።

ሐሙስ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። አሸተተው። ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገው። ነርሷን ጠርቶ «ይህን ማን አጠበው?» አላት። «ማንም አልነካውም» አለች። ወደ እኔ ዞረና፣ «መግሉ ቆሟል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አልቆርጥም» አለኝ። ያ «ዛሬ» ይኸው እስከ ዛሬ አለ! ሃሌ ሉያ!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጌታ ሩጫዬን አልመለሰልኝም። ይህ እግሬ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል፤ ሳነክስ ታዩኛላችሁ። ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠኝ። ቅዳሜ የሜዳው ጩኸት ሲመጣ ጆሮዬን እይዝ ነበር። «ዓይንህ አልተሰበረም፤ ለምን አታሰለጥንም?» ያለኝ ደምሴ ነው። በምርኩዝ ሄጄ የዓባይ ማዶ ወጣቶችን ሰበሰብሁ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አምስት ለባዶ ተሸነፍን! ልጆቹ ግን አልተዉኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ራሱ ጠርቶ ቡድኑን ሰጠኝ።

ባለፈው ወር አንድ ለባዶ እየመራን፣ ዋናው አጥቂያችን ዳኛው ሳያየው የሰው ቁርጭምጭሚት ረገጠ። እኔ አየሁት፤ አስወጣሁት። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የፋብሪካው የስፖርት ኃላፊ «አብደሃል እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሰኞ አጥቂው ግምጃ ቤት ድረስ መጣና፣ «ጋሼ፣ ያን ሰውዬ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት» አለኝ። ዋንጫ ቢሰጡኝ እንዲህ ደስ አይለኝም!

እናቴ ዛሬም ጊዮርጊስ ታስቀድሳለች። ደምሴን ግን «ልጄ» ነው የምትለው። ስለዚህ ሁሉ ጌታ ይመስገን፣ ሌላ ምን እላለሁ!

ከመካከላችን እውነት ተናግሬ የማጣው ነገር አለ ብሎ የሚፈራ ካለ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ይህን ጌታ እመኑት። የፈለገ ይነሣና ወደዚህ ይምጣ። ብቻውን አይቆምም፤ እኔ በዚህ በኩል እይዘዋለሁ። ደምሴ፣ ወንድሜ፣ ከዚያ ጥግ ተነሥና አንተ በወዲያ በኩል ቁምለት።