ያልቀላው ክንድ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለው ነበር፤ መቀሱ ቢያርፍ ምላሱ አያርፍም። አልማዝ ባለጭራ የያዘው ጊዜ ግን እሱም ዝም አለ። ከጀርባው ተነስቶ ጎኑን የዞረው ቁስል ሸሚዝ ሲነካው እሳት ይሆንበታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናትና የሸሚዞቹን ጎን እየተረተረች ታለብሰው ጀመር።

ቁስሉ አልጠግግ ሲል ሆስፒታል ወሰደችው። እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ይኸው በሽታ የያዛቸውን ሰዎች ታጠና ነበር። ቆዳ የሚያስቆጣ ኬሚካል ክንዱ ላይ ጠብ አደረገችለት።

«አሁን ሰውነትዎን ከኬሚካሉ ጋር ማስተዋወቃችን ነው» አለችው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ አቅጥነን እንደግመዋለን። ሰውነትዎ ካስታወሰው ይቆጣል፤ ቆዳዎ ይቀላል።»

«እኔ እንደሁ የተጣላኝን ሰው ረስቼ አላውቅም» አላት። ሚስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ሁለተኛው ጠብታ ተደርጎለት ለውጤቱ ሲመለሱ፣ ወረፋ የያዙት ሌሎች በሽተኞች ክንዳቸው ፍም መስሎ ያክካሉ። የሱ ግን ምንም የለበትም።

«አየሽ? ንክች አላደረገኝም!» አለ ለሚስቱ።

ሐኪሟ ክንዱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያም ካርዱን መልሳ አገላበጠች። ሚስቱ ዓይኗን ከሐኪሟ ፊት አልነቀለችም።

«ጋሼ፣ ሌላ ምርመራ ብንጨምር ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ።

ውጤቱ እስኪመጣ ሬዲዮ ሱቁን ከፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ለደንበኛው ሁሉ ክንዱን እያሳየ ፎከረ። ሚስቱ ከሱቁ ጥግ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታየዋለች፤ መልሳ ታቀረቅራለች።

ካንሰር ነበር። ውስጥ ውስጡን የሰውነቱን መከላከያ ሲበላው ከርሟል፤ ክንዱ ያልቀላውም ለዚህ ነበር።

ቤት እንደገቡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አንቺ ያኔውኑ ገብቶሽ ነበር አይደል?»

«ፊቷን አይቼ።»

«እና ስፎክር ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለችው። እጇን ያዘ።

ክረምቱን አልዘለቀም። ሐኪሟ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«እማማ፣ ቀደም ብዬ አግኝቻቸው ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረች።

«ታድኚው ነበር፣ ልጄ?»

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች። «እንጃ። እሱን ነው ያላወቅነው።»

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።