የተራራው መርዶ

የሻረግ ዓባይነህ ሮማ ውስጥ በፓሪዮሊ፣ በሀብታሞቹ ሰፈር፣ የአንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራን ቤት ትይዛለች። ታበስላለች፣ ትተኩሳለች፣ የብር ማንኪያ ትወለውላለች። የራሷ የሚሆነው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የአገሯ ልጆች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ተሰብስበው ሲያወጉ፣ እሷ ትራም ተሳፍራ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ ክሊኒካ ትሄዳለች። ጓዳ ለጓዳ ስትል የምትውለው ሴት እዚያ ስትደርስ ሌላ ሰው ትሆናለች። ነጭ የለበሱ ሐኪሞች ቆመው ይጠብቋታል፤ እሷ አፏን ከፍታ ካላስተረጎመች ሐኪምና ሕመምተኛ አይግባቡም።

ዓረብኛዋ የዓደን ነው። አባቷ በዓደን ወደብ የመርከብ ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ እሷም በሁለት ቋንቋ እያለቀሰች፣ በሁለት ቋንቋ እየዘፈነች አደገች። ጣሊያንኛውን ሮማ ውስጥ ከምድጃ ሥር ለቀመችው። ወደ ክሊኒካው የወሰዳት የሩቅ አገር ቁስለኞችን እያስመጣ የሚያሳክም የጣሊያኖች ኮሚቴ፣ ኮሚታቶ የሚሉት፣ ነው።

በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሑዳን አመጡ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የመድፍ ፍንጣሪ ዳሌዋን ሰብሮታል። አገሯ ዶፋር ነው፣ በዖማን ደቡብ ባሕር ተንተርሶ የተኛ ተራራ። የሻረግ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የዚያን ተራራ ታሪክ ከአፏ ሰማች። ከአሥር ዓመት በፊት ጥቂት ሰዎች በሱልጣኑ ላይ ጠመንጃ አነሡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግራ ዘመም ሆኑ፤ ባሪያና ጌታ የለም፣ ጎሣና ጎሣ የለም፣ ሴትም ትታጠቃለች ብለው አወጁ። ብዙም ሳይቆይ ተራራው ከሞላ ጎደል በእጃቸው ገባ። ሑዳ ፊደልንም ጠመንጃንም ያወቀችው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። በዝናቡ ወራት ጭጋግ ከባሕር እየተነሣ ተራራውን ሲያለብሰው ግመሎቹ እንኳ ድምፃቸው ብቻ እንደሚሰማ ስትናገር ዓይኗ ይበራል። የሻረግ የዚያን ማታ ሰሐን እያጠበች በለሆሳስ አንጎራጎረች፦

ጭጋግ ተከናንቦ የቆመው ተራራ፣
ልጁ እዚህ አለች ስሙን የምትጠራ።

ተራራው ግን እየተሸረሸረ ነበር። አባቱን አውርዶ የነገሠው ወጣቱ ሱልጣን የእንግሊዝ መኮንኖች አሉት፣ የኢራኑ ሻህም ወታደር ልኮለታል። ምሕረትና ደመወዝ ሲቀርብላቸው የገቡለት ታጋዮችም ጥቂት አልነበሩም። በታኅሣሥ ሱልጣኑ ጦርነቱ አበቃ ብሎ አወጀ።

በዚያው ሰሞን የታጋዮቹ ግንባር የሮማ ተወካይ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አጠገብ የነበረችውን ጠባብ ቢሮውን ዘጋ። የሻረግን አስጠርቶ፣ "ወደ ዓደን መሄዴ ነው። ተራራው አልቋል። አንቺ ንገሪያት" አላት።

የሻረግ እንዴት ትንገራት? በአገሯ መርዶ ለታመመ ሰው አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰውየው መሐል ይቀመጣል፣ ደጋፊ ከጎኑ ይሆናል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ሑዳ ደግሞ ገና ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይጠብቃታል። ስለዚህ በጥር መጀመሪያ ሑዳ፣ "ከአገር ምን ተሰማ?" ስትላት የሻረግ ዋሸች።

"ጭጋጉ ወርዷል" አለች። "አውሮፕላን ምንም አያይም። ልጆቹ ቦታቸውን ይዘዋል።"

ሑዳ ትክ ብላ አየቻትና "እሺ" ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ ስለ አገሯ ጠይቃ አታውቅም።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ በየካቲት ሑዳ በክራንች መቆም ጀመረች። የሻረግም ጊዜው ደረሰ ብላ ተርሚኒ ወርዳ ጓደኞቿን ለመነች።

"ለዓረብ ሽምቅ ተዋጊ ለቅሶ ልንደርስ ነው?" አለች ጽጌረዳ፣ የባንክ ኃላፊ ቤት የምትሠራዋ ተረበኛ። "ነገ ደግሞ ለሻህ ሠርግ ትጠሪናለሽ።"

"ልጅቱ ዘመድ የላትም፣ ጽጌ።"

"መርዶ ደግሞ በማለዳ ነው" አሉ እትዬ ወለተ ሥላሴ፣ የሁሉም ታላቅ።

"አሎራ፣ እንግዲያ ለሲኞራዬ ምን ልበላት እትዬ? ቡናዎን ራስዎ ያፍሉ፣ እኔ መርዶ አለብኝ?" አለች ጽጌረዳ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "እንግዲህ የሮማ መርዶ ሐሙስ ከሰዓት ይሁን። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ።"

በተከታዩ ሐሙስ አምስት ሴቶች ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ክሊኒካው ገቡ። ሑዳን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ከበቧት። የሻረግ ጎንበስ ብላ፣ "እኅቴ፣ አይዞሽ" ብላ ስትጀምር ሑዳ እጇን አነሣች።

"በጥር በእኛ ተራራ ጭጋግ የለም" አለች በዓረብኛ። "ጭጋግ የሚወርደው በዝናቡ ወራት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።"

የሻረግ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። "ታመሽ ነበር። በእኛ ወግ..."

"በእኛ የታጋዮች ሰፈር ሽንፈት ማለዳ ተሰልፈን ይነበብልን ነበር። ማን እንደሞተ፣ የትኛውን የውኃ ጉድጓድ እንዳጣን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። እሱን ቆመን ስለሰማን ነው ሰው የሆንነው። አንቺ ግን መልሰሽ ጓዳ አስገባሽኝ።" ክራንቿን አጠበቀች። "በሚመጣው ሳምንት ኮሚታቶው ፊት እናገራለሁ። አፌ አንቺ ነሽ። ቆመሽ ሁሉንም ካልነገርሽኝ ሌላ ሰው ይፈልጉልኝ።"

"ምን አለች?" አለች ጽጌረዳ።

የሻረግ ልትሸፋፍነው አሰበች። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ደገመችላቸው፣ "ጓዳ አስገባሽኝ" የሚለውንም ሳታስቀር። ሴቶቹ ሁሉም የጓዳ ሰዎች ነበሩ።

የሻረግም ቀጥ ብላ ቆመች። ተወካዩ የነገራትን አንድ ባንድ ተናገረች፤ የትኛው መንደር መቼ እንደተያዘ፣ ማን ድንበር ተሻግሮ ወደ የመን እንደወጣ፣ ማን እንደከዳ። የሑዳ ጓዶች ከነበሩት አሥራ አንድ ልጆች ሦስቱ ብቻ መትረፋቸውንም ሳታቋርጥ ነገረቻት። በመጨረሻም፣ "ከወር በላይ ዋሽቼሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

ሑዳ ያን ጊዜ አለቀሰች። እትዬ ወለተ ሥላሴ አንዲት የዓረብኛ ቃል አያውቁም፤ ግን አገር ቤት አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ከዚያ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አማትበው ነው የሚከፍቱት። ደረታቸውን ይዘው ሙሾ አወጡ፦

ያላየሁት ጋራ እንባዬን ወሰደ፣
ስንቱ ጎበዝ ልጁ ከሱ ጋር ወረደ።

ጽጌረዳም ተረቧን ረስታ ንፍሮውን በእፍኟ ለሑዳ ዘረጋችላት። ሑዳ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ በላች።

የኮሚታቶው አዳራሽ በሳምንቱ ማክሰኞ ሞላ። ሑዳ በክራንች ወደ መድረኩ ወጣች፤ የሻረግ ሲኞራዋን ፈቃድ ጠይቃ ሳይሆን አስታውቃ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ሊቀ መንበሩ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ "ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ እባክሽ ትንሽ አለስልሽው" አላት።

"እሷ ያላለችውን አልልም" አለችው።

ሑዳ በአጭሩ ጀመረች። የሻረግም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ስያሞ ስታቲ ስኮንፊቲ" አለች፤ ተሸንፈናል። አዳራሹ ተንሾካሾከ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው፣ "ታዲያ ያ ሁሉ ደም በከንቱ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ሑዳ አሰበችና መለሰች። የሻረግ ቃሉን ተቀበለች፤ እጇን መጎናጸፊያዋ ውስጥ ሳትደብቅ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ሳትተክል፣ ለዚያ ሁሉ ሰው አቀበለችው፦

"እናቴ ባሪያ ሆና ተወለደች፣ ባሪያ ሆና ወለደችኝ። እኔ ግን በዚያ ተራራ ላይ ለሰባት ዓመት የማንም አልነበርኩም። መሬቱን ወስደውታል። ሰባቱን ዓመት የሚወስድ ሠራዊት ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።"