ስሙ ላልተነገረን ልጅ የተቀመጥነው ለቅሶ

የእህቴ ልጅ ማራኪ እምቢ ማለት የጀመረችው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ስኳር በሽታ ሲይዛት ነው። ሐኪሙ «ኬክ ይቅርብሽ» ሲላት የእሱን ሆድ አየት አድርጋ «አንተስ?» አለችው። እናቷ በሀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች፤ እኔ ግን ያን ቀን ነው የወደድኳት። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ እታለም ገበያነሽ፣ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ይዛት ከመጣችም በኋላ ማራኪ ያው ናት። እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት ትነዳለች። አንድ ቀን ስኳሯ ሲወርድ ከኪሷ ጁስ አውጥታ ስትጠጣ አለቃዋ «እዚህ መጠጣት ክልክል ነው» አላት። «እሺ፣ ልውደቅና አንተ ታነሳኛለህ» አለችው። ሁለተኛ አልተናገራትም።

በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ የማመላልሳት እኔ አረጋሽ ነኝ። ሐኪሞቹ ኩላሊት ብቻ ሳይሆን ቆሽትም አብረን እንተካልሻለን አሏት፤ ለካ ስኳሩን ያመጣው የቆሽቷ መስነፍ ነው። እኔ እኮ ቆሽት የሚባለው ሰው ሲያናድደን የሚያርር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማራኪ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ከእማዬ ጋር እየኖርኩ የኔ እስካሁን መቆየቱም ይገርማል» አለች።

ሁለት ዓመት ጠበቀች። አንድ ቅዳሜ እታለም ቤት ምሳ እየበላን ስልኳ ጮኸ። ሚካኤላ ናት፣ የሆስፒታሉ የንቅለ ተከላ አስተባባሪ፤ እዚሁ ያደገች የሀበሻ ልጅ። ማራኪ ስፒከር ላይ አደረገቻት።

«ሄይ ማራኪ፣ ኦፈር መጥቶልሻል። ኩላሊትም ቆሽትም። ባት ዶነሩ፣ የሞተው ሰጪ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ልጅ ነው፣ አምስት ዓመት። ከዚህ ሌላ መናገር አልችልም። የትንሽ ልጅ ደም ሥር ቀጭን ስለሆነ ደሙ ክሎት ሊያደርግ፣ ሊረጋ ይችላል፤ ሌሎች ሆስፒታሎች አንፈልግም ብለው ዲክላይን አድርገውታል። የኛ ዶክተሮች ግን ይሠራል፣ አንቺ ውስጥ ያድጋል ነው የሚሉት። ሁለቱንም ኩላሊት አብረው ያስገባሉ። ለመወሰን አንድ ሰዓት አለሽ፣ ኦኬ?»

እታለም የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠች።

«በሕፃን ሞት? እኔ የለሁበትም» አለች።

አስታማሚ ሆና የፈረመችው እሷ ናት። አስታማሚ ከሌለ ንቅለ ተከላ የለም፤ ስሟን በስሜ ላስቀይር ብል ደግሞ አንድ ሰዓት ለወረቀቱ አይበቃም። ማራኪ ይህ ካመለጣት ሌላ እስኪመጣ በሕይወት መቆየቷን ማንም አያውቅም። እዚያው ቆሽቴ አረረ። አፌን ከፍቼ ልወርድባት ስል ማራኪ በእጇ አስቆመችኝ።

«እማዬ፣ ልጁን እኔ አልገደልኩትም። እኔ ብቀበልም ባልቀበልም ይቀበራል። እናቱ ልጇን አጥታ እሺ ብላለች። አንቺ ልጅሽ ፊትሽ ቁጭ ብላ እምቢ ትያለሽ?»

እታለም ሰሃኑን ወደ ጎን ገፋች። «ያቺ እናት አብሯት የሚያለቅስ ሰው አላት?» ብላ ጠየቀች። እኛ በምን እናውቃለን።

«እንግዲያው እኔ አለቅስላታለሁ» አለች። «ተነሺ፣ ልበሺ።»

ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ደሙ እንዳይረጋ ስንፈራ ሁለት ቀን እህል በአፋችን አልዞረም። በሦስተኛው ቀን የማራኪ ስኳር ያለ ኢንሱሊን ዘጠና ስድስት ሆነ። ከአልጋዋ ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢትም ሞልቶ፣ ኩላሊቱ ሠራ ማለት ነው፣ እታለም ልትስመው ምንም አልቀራት። እኔ እልል ልበል ስል እጄን ይዛ ወደ መኪናው ጎተተችኝ።

«ዛሬ የልጁ ሣልስት ነው፤ ለእድሩ ንገሪ» አለችኝ።

ቤት ገብታ ሶፋውን ገፋች፣ ፍራሽ አነጠፈች፣ ጥቁር ለበሰች። እኔም በእድሩ ግሩፕ ላይ «ገበያነሽ ልጅ ሞቶባት ለቅሶ ተቀምጣለች» ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል ታዲያ? የእታለም ልጅ አንድ ማራኪ ብቻ መሆኗ ትዝ ያለኝ መንገዱ በመኪና ከተሞላ በኋላ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ «ማራኪዬን» እያሉ ገቡ። ግሩፑ ላይ «ነፍስ ይማር» ተብሎላት ያየችው ማራኪ ከአልጋዋ በቪዲዮ ደወለች።

«አክስቴ፣ እኔን ማን ነው የገደለኝ?»

ስልኩን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየኋቸው። ከፊሉ ተመስገን አለ፣ ከፊሉ ሰደበኝ፤ ስድቡ ይገባኛል። እታለም ለማን እንደተቀመጠች ስትነግራቸው ግን ሴቶቹ ደረት መምታቱን ተዉት። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አምባቸው ወደ ፍራሹ ቀረብ አሉ።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ሥራ ጥለን ነው የመጣነው። እድሩ ለማያውቀው ሰው አይቀመጥም። ልጅዎ ሆስፒታል ተኝታ እርስዎ ፍራሽ ማንጠፍዎ ደግሞ ሟርት ነው። ለመሆኑ የልጁን ስም እንኳ ያውቁታል?»

እታለም ከፍራሹ ንቅንቅ አላለችም።

«አላውቅም። ወንድ ይሁን ሴት አልነገሩኝም። አምስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ የልጄን ስኳር ዘጠና ስድስት አድርጎልኛል። ከዚህ በላይ ምን ልወቅ? እናቱ ደግሞ ልጇ የት እንዳለ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ወይ ይቀመጡና ያልቅሱ፣ ወይ በሩ ያውና።»

አቶ አምባቸው በሩን አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሴቶቹ እንደገና ጀመሩ፤ የምንጠራው ስም ስላልነበረን «ልጃችን» እያልን አለቀስን።